ይዞ መልቀቅ፦ የመንጠቆ ጥያቄ ከጫሞ ዳር

ዓሣን ለምግብ ማጥመድና ለጨዋታ ማጥመድ በእጅ ሥራው አንድ ናቸው። በሁለቱም መንጠቆ አለ፤ ማባበያ አለ፤ ረጅም ዝምታ አለ። የሚለያዩት ዓሣው ከወጣ በኋላ ነው። የአንዱ ዓሣ ወደ ቢላዋ ይሄዳል፤ የሌላው ተመዝኖ፣ ፎቶ ተነሥቶ ወደ ውኃው ይመለሳል። ላይ ላዩን ለሚያየው ሁለተኛው አጥማጅ ርኅሩኅ ነው፤ ነፍስ አላጠፋምና። ጥያቄው የሚነሣው ግን እዚሁ ላይ ነው። ሰው ሊበላው ያላሰበውን፣ ገና ሳይዘው ሊለቀው የወሰነውን ፍጡር አፉን በብረት ወግቶ የሚጎትትበት ፈቃድ ከየት አገኘ?

የጨዋታው ማጥመድ በተደራጀ መልኩ የኖረባት አገር እንግሊዝ ናት። የአይዛክ ዋልተን የማጥመድ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1653 ከታተመ ወዲህ መንጠቆ ይዞ በወንዝ ዳር መቀመጥ እዚያ እንደ ጸጥታና እንደ ጸሎት ጊዜ ሲቆጠር ኖሯል። ዛሬ ከሳልሞንና ከትራውት ውጭ ያሉትን የወንዝና የኩሬ ዓሦች የሚያጠምዱ የየከተማው ክበቦች በብርዱ ወራት ሳይቀር ይወዳደራሉ። አባላቱ ጠዋት ተሰብስበው ዕጣ ያወጣሉ፤ ዕጣው ማን የት እንደሚቀመጥ ይወስናል። ምልክት ሲሰጥ ሁሉም መንጠቆውን ይጥላል፤ ውድድሩም ብዙውን ጊዜ አምስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። የተያዘው ዓሣ ውኃ ውስጥ በተዘረጋ ረጅም የመረብ ከረጢት ይቆይና በመጨረሻ ተመዝኖ ይለቀቃል። አሸናፊው በኪሎ የበለጠው ነው። ውኃው ሲቀዘቅዝ ዓሣ ብዙም ስለማይበላ ጥቂት መቶ ግራም አንደኛውን ከሁለተኛው ይለያል። እነዚህን ሰዎች ጨካኞች ብሎ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ነው። ዓሣውን በእርጥብ እጅ የሚይዙ፣ ጫፉ ላይ እሾህ የሌለው መንጠቆ የሚመርጡ፣ ወንዝ ሲበከልም ቀድመው አቤት የሚሉ ብዙዎች ከእነሱ መካከል ናቸው። ጥያቄውን ከባድ የሚያደርገውም ይህ ነው፤ ክፉ ሰዎች የሚሠሩት ቢሆን ኖሮ መልሱ ቀላል ነበር።

የእንግሊዝ የብርድ ወራት በአርባ ምንጭ የበጋ ፀሐይ ነው። ከተማዋ ከጋሞ ደጋ ሥር፣ ከስምጥ ሸለቆው ወለል ከፍ ብላ ተቀምጣ ሁለት ሐይቆችን ታያለች። አባያ ከስምጥ ሸለቆው የኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ በስፋት ትልቁ ነው፤ ከደጋው ተሸርሽሮ የሚመጣው አፈር ቀይ ቡናማ አድርጎታል። ጫሞ ያንሳል፤ ውኃው ግን ከአባያ የጠራ ነው፤ በዓሣ የታወቀውም እሱ ነው። ሁለቱን የሚለየው ሰዎች የእግዜር ድልድይ የሚሉት የመሬት ማገር ነው፤ የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክም በዚያ ይገኛል። ቆሮሶ፣ አምባዛና ሌሎችም ዓሦች በጫሞ ይኖራሉ፤ ስሙን በሩቅ ያስጠራለት ግን ናይል ፐርች ነው። ይህ ዓሣ ከመቶ ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። በዚህም የተነሣ አስጎብኚዎች ጫሞን ከአዞውና ከጉማሬው ጋር ለመንጠቆ ወዳዶች ጭምር ያስተዋውቃሉ። ሁለቱ ማጥመዶች፣ የሆድና የጨዋታ፣ በአንድ ውኃ ላይ ጎን ለጎን የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

የጫሞ አሥጋሪ ሥራ መዝናኛ አይደለም። መረቡን አመሻሽ ላይ ይዘረጋል፤ ጎሕ ሲቀድ ይስባል። ለናይል ፐርች ብዙ መንጠቆዎች የታሰሩበትን ረጅም ገመድ ይጥላል፤ በየመንጠቆው ላይ ትንሽ ዓሣ ይሰካል። አዞ መረቡን ይቀድዳል፤ አልፎ አልፎም ሰው ይወስዳል። የሚወጣው ዓሣ በፊሌቶ ተሸንሽኖ ወደ አዲስ አበባ ይጫናል፤ የቀረው በከተማዋ ምግብ ቤቶች ጥብስ፣ ዱለት፣ ኮተሌት ሆኖ ይቀርባል። ይህ እንጀራ ሁልጊዜ የተከበረ አልነበረም። በአባያ ሐይቅ ላይ ባለችው ጊዲቾ ደሴት ከኖሩት ሁለት ማኅበረሰቦች መካከል ዓሣ የሚያጠምዱትና ጉማሬ የሚያድኑት ሐሮዎች በገበሬዎቹና በሸማኔዎቹ ባይሶዎች ዘንድ ዝቅ ተደርገው ይታዩ ነበር፤ ባይሶዎችም ከእነሱ ጋር አይጋቡም ነበር። ለመኖር ዓሣ የሚገድል ሰው የተናቀበትን ዘመን ያየ ሐይቅ ዳር ዛሬ ለመዝናናት ዓሣ የሚይዝ እንግዳ ጀልባ ተከራይቶ ይከበራል። ይህ ግልባጭ ብቻውን ብዙ ያሳስባል።

የሃይማኖት መጻሕፍት ስለ ማጥመድ ዝም አላሉም። በኦሪት ዘፍጥረት መጀመሪያ ሰው በባሕር ዓሦች ላይ ሥልጣን ይሰጠዋል፤ ሆኖም በዚያው ምዕራፍ ለምግብ የተሰጠው የምድር ቡቃያና የዛፍ ፍሬ ነው። ሥጋ የተፈቀደው ከጥፋት ውኃ በኋላ ለኖኅ ነው፤ ፈቃዱም ለመብል ሲሆን ደሙን እንዳይበላ ገደብ ተደርጎበታል። አነባበቡ ጠንቃቃ ለሆነ ሰው እዚህ ላይ አንድ ነገር ይታያል። ሥልጣንና ፈቃድ በአንድ ጊዜ አልተሰጡም፤ ፈቃዱ ሲመጣም ምክንያቱንና ወሰኑን ይዞ መጣ። በሐዲስ ኪዳን መንጠቆ የሚጠቀስበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ በማቴዎስ ወንጌል ጴጥሮስ ስለ ቤተ መቅደሱ ግብር መንጠቆ እንዲጥል ሲታዘዝ። እዚያም ቢሆን መንጠቆው የተጣለው ለጉዳይ ነው። ከትንሣኤው በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር የተጠበሰው ዓሣ ደግሞ ለተራቡና ሌሊቱን ሲደክሙ ላደሩ ሰዎች የተዘጋጀ ቁርስ ነበር።

ከሁሉ ጠንከር ያለው ቃል ያለው በትንቢተ ዕንባቆም ነው። ነቢዩ የባቢሎንን ግፍ ሲከስስ ግፈኛውን በአጥማጅ ይመስለዋል፤ ሰዎችን እንደ ዓሣ በመንጠቆ ያወጣል፣ በመረብ ይሰበስባል፣ ከዚያም ደስ ይለዋል፣ ለመረቡም ይሠዋል። የክሱ ዒላማ ማጥመድ ራሱ አይደለም። ነቢዩን ያስቆጣው ለተያዘው ግድ የማይሰጠው ደስታና መሣሪያውን እንደ አምላክ ማክበር ነው። በመጽሐፈ ኢዮብ መጨረሻ አካባቢም ሌዋታን የተባለው ፍጡር ይነሣል፤ ብዙ ተርጓሚዎች አዞ ነው ይሉታል። ኢዮብ ይህን ፍጡር በመንጠቆ ያወጣው እንደሆነ፣ እንደ ወፍም ሊጫወትበት ይችል እንደሆነ ይጠየቃል። በአዞ በተሞላው ጫሞ ዳር ሲነበብ ጥያቄው ሕይወት ይዘራል፤ በፍጥረት መካከል የሰው መጫወቻ ያልሆነ ነገር እንዳለ ያሳስባልና።

የጾም ጉዳይ ነገሩን ያወሳስበዋል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር አሮጌ ነው። የግብፅ ኮፕቶች በተወሰኑ አጽዋማት ይበሉታል፤ በዐቢይ ጾምና በረቡዕ፣ በዓርብ ግን አይበሉም። በኢትዮጵያ ብዙ ካህናት ጨርሶ እንዳይበላ ያስተምራሉ፤ ከምእመናኑ ብዙዎች ግን ይበሉታል። ክርክሩ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ስለ ጾም ከሚናገረው ከፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 15 ነው። ውጤቱ በገበያ ላይ ይታያል፤ ሁዳዴ ሲገባ የዓሣ ፍላጎት ይጨምራል፣ ዋጋውም ይወደዳል። ጾም ደም ከማፍሰስ የሚታቀቡበት፣ ፈቃደ ሥጋን የሚገድቡበት ጊዜ ሆኖ ሳለ በሐይቅ ውስጥ ያለው ፍጡር ከሌላው ጊዜ ይልቅ የሚሞተው በዚያ ወቅት ነው። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ ፍጡር የሚከለክለው የኦሪት ሕግም በልማድ ጸንቶ ይኖራል፤ ብዙዎች አምባዛን የማይበሉት ቅርፊት ስለሌለው ነው። አምባዛ በዚህ ሕግ ከድስት ይተርፋል እንጂ ከመረብ አይተርፍም።

በእስልምና የባሕር አደን በቁርኣን፣ በማዕድ ምዕራፍ፣ የተፈቀደ ነው፤ ዓሣም መታረድ አያስፈልገውም። ሆኖም ፈቃዱ ለምግብ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ ነፍስ ያለውን ፍጡር የመወርወሪያ ዒላማ ማድረግን መከልከላቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ሊቃውንት ከዚህ ተነሥተው ያለ ጥቅም፣ ለጨዋታ ብቻ፣ እንስሳን ማሠቃየት ነውር ነው ይላሉ። ሁለቱ ሃይማኖቶች በአመጋገብ ሥርዓት ቢለያዩም በአንድ ነጥብ ይገናኛሉ። መግደልን ፈቅደዋል፤ መጫወትን ግን በፈቃዱ ውስጥ አላካተቱም። ይዞ ለቃቂው አጥማጅ በአንጻሩ መግደልን ትቶ መጫወትን ይዟል።

እዚህ ላይ ዓሣው ያመዋል ወይ የሚለውን መመርመር ግድ ነው፤ ካላመመው አብዛኛው ክርክር ይፈርሳል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሊን ስኔደንና ባልደረቦቿ በብሪታንያ ባሳተሙት ጥናት በትራውት ፊትና ከንፈር አካባቢ ጉዳት የሚለዩ ነርቮች አገኙ። ከንፈራቸው በአሲድ የተወጉት ዓሦች አፋቸውን በጠጠር ላይ ያሹ ነበር፤ ወደ መብላትም ለመመለስ ዘገዩ። ጄምስ ሮዝ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ደግሞ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ተቃራኒውን ጽፎ ነበር። በእሱ አባባል ሕመምን አውቆ ለመሰማት የሚያስፈልገው የአንጎል ሽፋን በዓሣ የለም፤ የሚታየውም ሳያውቁት የሚደረግ መወራጨት ብቻ ነው። ክርክሩ እስካሁን አልተዘጋም። ይሁን እንጂ ማስረጃው ያዘነበለው ወደ መጀመሪያው ነው ብሎ መፍረድ ይቻላል፤ የጉዳቱ ስሜት ተራ መኮማተር ብቻ ቢሆን ኖሮ ዓሣው ምግቡን ለሰዓታት ባልተወ ነበር። ደግሞም ማጥመድ የተፈለሰፈው ዓሣ የማይጮህ ፍጡር መሆኑን ተመክቶ ይመስላል። በግ ወይም ፍየል በከንፈሩ ብረት ተሰክቶ ሜዳ ለሜዳ ቢጎተት፣ ከዚያም ቢለቀቅ፣ ጨዋታው አንድ ቀን አያድርም ነበር።

ፈላስፎች ጥያቄውን ከሁለት ወገን ይዘውታል። ጄረሚ ቤንታም እ.ኤ.አ. በ1789 ስለ እንስሳት መጠየቅ ያለበት ያስባሉ ወይ፣ ይናገራሉ ወይ ሳይሆን ይሠቃያሉ ወይ እንደሆነ ጻፈ። ካንት በበኩሉ ለእንስሳው በቀጥታ የሚከፈል ግዴታ የለም ብሎ ያምን ነበር፤ ሆኖም በእንስሳ ላይ የጨከነ ሰው በሰውም ላይ ይጨክናል በማለት ጭካኔን ይቃወማል። የካንት መንገድ የክበቡን አጥማጅ በቀላሉ አያገኘውም፤ አጥማጁ አልጨከነምና፣ እንዲያውም ዓሣውን ይንከባከበዋል። የቤንታም ግን ያገኘዋል። ሕጎችም እንደዚሁ ተከፋፍለዋል። የእንግሊዝና የዌልስ የእንስሳት ደኅንነት ሕግ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲወጣ በተለመደው ማጥመድ የሚሆነውን ከወሰኑ ውጭ አደረገው። የጀርመን ሕግ ያለ በቂ ምክንያት በእንስሳ ላይ ሕመም ማድረስን ይከለክላል፤ ለሚዛን ውድድር ብቻ የሚደረግ ማጥመድም በዚህ የተነሣ ተቀባይነት አጥቷል። ስዊዘርላንድ ከሁሉ ቀጥተኛ ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ለመልቀቅ አስቦ ማጥመድን ከልክላለች። በስዊዘርላንድ አስተሳሰብ ይዞ መብላት ያስኬዳል፣ ለመልቀቅ ብሎ መያዝ ግን ያስጠይቃል። ይህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማው የተገለባበጠ ይመስላል፤ ሲታሰብ ግን ከላይ ከተነሣው የመጻሕፍቱ ፈቃድ ጋር ይሄዳል።

መልቀቅ ራሱ የሚታመነውን ያህል ንጹሕ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ባርቶሎሚውና ቦንሳክ ቀደም ብለው የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመዝኑ ከተለቀቁት ዓሦች በአማካይ 18 በመቶ ያህሉ በኋላ እንደሚሞቱ አገኙ። ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ መንጠቆው የት እንደተሰካ፣ ዓሣው ከምን ያህል ጥልቀት እንደወጣ፣ ምን ያህል እንደታገለ ይወስነዋል። የውኃው ሙቀትም እንዲሁ፤ ሞቃት ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን አነስተኛ ስለሆነ ታግሎ የደከመ ዓሣ ለማገገም ይቸገራል። የእንግሊዝ አጥማጅ በብርድ ወራት የሚለቀው ዓሣ ያለው ዕድል በጫሞ ሙቀት የሚለቀቅ ናይል ፐርች የለውም። ለፎቶ የሚፈለገው ትልቁ ናይል ፐርች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እንስት ነው፤ በአንድ ጊዜ በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል የምትጥለው እሷ ናት።

የቆሮሶ ነገር ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልብ ይነካል። እናቲቱ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ በአፏ ትሰበስበዋለች። እዚያው ይፈለፈላል፤ ጫጩቶቹም ራሳቸውን ችለው እስኪዋኙ ድረስ በአፏ ያድጋሉ፤ አደጋ ሲመጣ ወደ አፏ ይመለሳሉ። በነዚያ ቀናት ከስንት አንዴ ካልሆነ ስለማትበላ መንጠቆ ብዙም አያገኛትም፤ መረብ ግን ያገኛታል። ስትያዝ ደንግጣ አፏን ትከፍትና የያዘችውን ትተፋለች። ያጠመዳት ሰው አዝኖ ቢለቃት እሷ ትመለሳለች፤ ልጆቿ ግን ተበትነዋል። ያልታሰበ ጉዳት መልቀቅን እንዴት እንደሚያመልጠው ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በጋሞ ደጋ ይህን ለማሰብ የሚረዳ አንድ አስተሳሰብ ከጥንት ጀምሮ አለ፤ ጎሜ ይባላል። ወጋ፣ ማለትም የአባቶች ሥርዓት፣ ሲጣስ በጣሹ ላይ የሚጣበቅ ነገር ነው። በሽታ፣ መካንነት፣ የእህል መጥፋት፣ የዝናብ መቅረት ሆኖ ይገለጣል። ሰው መከራ ሲያገኘው ምን ጥሼ ይሆን ብሎ ሕይወቱን ይመረምራል፤ ጥፋቱን ይናዘዛል፤ ከበደለው ጋር ይታረቃል። ጎሜ ከቅጣት ይልቅ ለዕዳ ይቀርባል፤ አጥፊው ደግ ሰው ነበር ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ የተጣሰውን ይጠይቃል። ይህን መለኪያ ወደ ሐይቁ ማውረድ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። የክበቡ አጥማጅ መከላከያ ሐሳቡ ነው፤ ክፉ አላሰብኩም፣ ለቀቅኩት ይላል። ጎሜን በሚያውቅ ሰው ሚዛን ግን መልቀቅ ዕርቅ አይደለም። የተጎዳውን ወደ ነበረበት መተው ብቻ ነው፤ በደሉም አልተነገረም፣ ዕዳውም አልተከፈለም።

እዚያው ደጋ ላይ ሌላም ምስክር አለ። በጨንቻና በአካባቢዋ በየመንደሩ የማይቆረጡ የተቀደሱ ዛፎችና ጥቅጥቅ ያሉ ትንንሽ ደኖች አሉ። መሬት በጠበበበት፣ ማገዶ በተወደደበት አገር እነዚህ ዛፎች የቆሙት ሰው ስለተዋቸው ነው። መተው ይሏል እንግዲህ ይህ ነው፤ መጥረቢያውን ሳያነሡ። ይዞ መልቀቅ በአንጻሩ መጥረቢያውን አሳርፎ ቁስሉን የሚያይ መተው ነው። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት፣ ሁለቱንም ጥበቃ ማለት፣ ቋንቋውን ያደኸያል።

ለመልቀቅ የሚቆም አንድ ብርቱ ክርክር ግን አለ፤ መታለፍም የለበትም። የጫሞ ናይል ፐርች ከዓመት ዓመት እየተመናመነ ነው። ዓይናቸው የጠበበ መረቦች ገና ያልወለደውን ትንሹን ዓሣ ጭምር ያወጣሉ፤ የዓሣ ሀብትን ከመጠን በላይ ከመሥገር ለመጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከተደነገገም በኋላ ችግሩ አልቆመም። አንድ ጎብኚ ዓሣ ይዞ ቢለቅ፣ ለጀልባው ኪራይ የሚከፍለው ገንዘብ የአሥጋሪውን ቤተሰብ ቢመግብ፣ ብዙ ዓሦች ከመረብ ይድናሉ ይባላል። ይህ የውጤት ክርክር ነው፤ እውነትም ሊሆን ይችላል። ሐይቁ ባዶ ከሚቀር ጥቂት ዓሦች ቢቆስሉ ይሻላል ብሎ የሚፈርድ ሰው አይነቀፍም። ነገር ግን ክርክሩ ጨዋታውን በራሱ ትክክል አያደርገውም፤ ከባሰው ክፉ ያነሰ ክፉ ያደርገዋል እንጂ። ገንዘቡም መንጠቆ ሳይጣል ሊገኝ ይችላል፤ አዞውንና ጉማሬውን ለማየት የሚመጣው ሰው በዚያው ጀልባ ይሄዳል፣ ለዚያው ባለ ጀልባ ይከፍላል።

ስለዚህ ፍርዱ እንዲህ ይከፈላል። ለመብላት ያጠመደ ሰው ገና ያላደገውን፣ እንቁላል የያዘችውን ቢለቅ መልቀቁ የፈቃዱ አካል ነው፤ ደሙን አትብላ እንደተባለው ያለ ወሰን ነው፤ ሊመሰገንም ይገባዋል። ለመልቀቅ ያጠመደ ሰው ግን ወሰኑን ይዞ ፈቃዱ የሌለው ነው። የሚያምርበት ትዕግሥቱ፣ ውኃውን ማወቁ፣ ዝምታው ሁሉ ሳይወጋም የሚገኝ ነው። ለመብላት የሚገድለው አሥጋሪም ቢሆን በመብላቱ ብቻ ነጻ አይወጣም። ጠባብ መረብ የጣለ እንደሆነ የሚበላው የልጆቹን ዓሣ ነው፤ በጎሜ ሚዛን ይህ ከጎብኚው መንጠቆ የከበደ ነው።

የአሥጋሪው መልቀቅ ከአጥማጁ የሚለይበት ተጨማሪ ነገር አለ። መንጠቆ የያዘ ሰው ዓሣውን በሕይወት ያገኘዋልና በእጁ ሆኖ ሊያስብበት ጊዜ አለው። ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ያደረው መረብ ጎሕ ሲቀድ ሲሳብ ግን በጉንጩ የተጠላለፈው ቆሮሶ ብዙ ጊዜ ሞቶ ነው የሚወጣው፤ ትንሽ ነው ብለው ቢመልሱት ለአዞና ለወፍ ነው። ዓይኑ በሰፋ መረብ ትንሹ ዓሣ ሳይያዝና ሳይቆስል ያልፋል። መረቡ የሚመረጠው ደግሞ በየብስ ላይ ነው፤ ገበያ ውስጥ፣ ገና ጀልባው ሳይገፋ።